ስኳሩ ወርዶበት ጾሙን የፈታ ሰው ኢማኑ ጎደለን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



የዛሬውን ጽሑፌን በሰፈራችን በሚኖሩ አንድ አባት ታሪክ ልጀምር። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ታሪኩን ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን እንድጽፈው ግን ራሳቸው ፈቅደውልኛል።

በአንድ የረመዳን ቀን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ እኚህ አባት የመስጊዳችንን ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ለመግሪብ ገና ከሁለት ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ቀርቷል። መጀመሪያ ያያቸው ሰው ቁርኣን ሲቀሩ ቆይተው ያንቀላፉ መስሎት አለፈ። ሁለተኛው ጠጋ ብሎ ሲያያቸው ግን ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሰላምታ ሲያቀርብላቸው የመለሱለት ቃል አይያያዝም። ወዲያው ሰው ከበባቸው። አንዱ «ጂን ነው» ብሎ ይቀራባቸው ጀመር። ሌላው «ጾሙ አድክሟቸው ነው፤ ተዉአቸው ይተኙ» አለ። ሦስተኛው የዘምዘም ውሃ አምጥቶ ፊታቸውን አራሰላቸው። ሁሉም በቅን ልቦና ያደረጉት ነው። ነገር ግን እኚያ ሰው በዚያች ሰዓት የሚያስፈልጋቸውን ነገር ያወቀ አልነበረም።

በዚህ መሐል ለሶላት የገባ፣ በሙያው ነርስ የሆነ ወጣት ሰዉን ገፋ አድርጎ «አባባ ስኳር አለባቸው እንዴ?» ሲል ጠየቀ። የሚመልስለት አጣ። ኪሳቸውን ሲፈትሽ የሐኪም ቤት የክትትል ካርዳቸውንና አንዲት ከረሜላ አገኘ። ገና መዋጥ ይችሉ ስለነበር ከጎረቤት ሻይ ቤት ስኳር አስመጥቶ፣ በውሃ በጥብጦ፣ ቀስ እያለ አጠጣቸው። ሩብ ሰዓት ያህል እንደቆየ ዓይናቸውን ገልጠው «ምን ሆኜ ነው?» አሉ። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፉ።

በማግስቱ ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድኩና «አባባ፣ ከረሜላ ኪስዎ ውስጥ እያለ ምነው?» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ መውረዱ ገብቶኝ ነበር። እጄንም ወደ ኪሴ ሰድጄ ነበር። ግን በረመዳን፣ በመስጊድ ውስጥ፣ በዚህ ሽበቴ ከረሜላ ስበላ ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል ብዬ መለስኩት። አላህን ፈርቼ አይደለም፤ ሰውን አፍሬ ነው።»

ወገኖቼ፣ ይህ ንግግር ለእኔ ከበሽታው የበለጠ አስደንጋጭ ሆነብኝ። አንድ ሙስሊም፣ ጌታው የከፈተለትን በር፣ እኛ ወንድሞቹ በዓይናችን ዘጋንበት ማለት ነውና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ በር መክፈት ነው። የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ሲወርድበት ጾሙን መፍታቱ የኢማን ድክመት ሳይሆን የአላህን ትእዛዝ ማክበር ነው። ይህን በሚያደርግ ሰው ላይ ዓይኑን የሚያፈጥ ሰው ደግሞ በደም ጉዳይ ውስጥ እጁን እያስገባ መሆኑን ይወቅ።

በሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

ጤነኛ ሰው ሲጾም ሰውነቱ በአላህ ጥበብ ራሱን ያስተካክላል። ምግብ ሲቋረጥ ጣፊያ አጠገብ የሚገኘው ቆሽት የሚያመነጨውን ኢንሱሊን ይቀንሳል፤ ጉበትም ያከማቸውን ስኳር ቀስ በቀስ ወደ ደም ይለቃል። ስለዚህ ጤነኛ ጾመኛ ይራባል፣ ይጠማል፣ ይደክማል እንጂ የደሙ ስኳር አደጋ ላይ እስኪጥለው ድረስ አይወርድም።

የስኳር ሕመምተኛ ግን ሌላ ነው። ኢንሱሊን የተወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ቆሽትን አስገድዶ ኢንሱሊን የሚያስመነጭ ኪኒን የዋጠ ሰው፣ በደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት ጾመኛ መሆኑን አያውቅለትም። ምግብ ገባም አልገባም ስኳሩን ማውረዱን ይቀጥላል። የደም ስኳር በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን ወርዷል ይባላል፤ ከ54 በታች ሲሆን ደግሞ አደገኛ ነው። አንጎል በየደቂቃው የሚመገበው በዋነኝነት ስኳርን በመሆኑ መጀመሪያ የሚጎዳው እርሱ ነው።

ምልክቶቹ ሲጀምሩ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ ድንገተኛ ርሃብ፣ ራስ ምታት፣ የከንፈር መደንዘዝና የዓይን ብዥታ ናቸው። ቀጥሎ ያለ ምክንያት መቆጣት፣ ነገር መዘባረቅ፣ መንገዳገድ ይመጣል። ሳይታከም ከቆየ ሰውዬው ይንፈራገጣል፣ ራሱን ይስታል፤ አንዳንዴም በዚያው ይቀራል።

እስቲ እነዚህን ምልክቶች በእኛ ሰፈር ዓይን እንያቸው። በረመዳን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የሚቆጣ ሰው ስናይ «የቡና ሐራራው ተነስቶበት ነው» ብለን እንስቃለን። የሚያልበውንና የሚንቀጠቀጠውን «ጾም ከበደው» እንላለን። የሚዘባርቀውን «ጂን ነው» እንላለን። በመንገድ ላይ እየተንገዳገደ የሚሄደውን ደግሞ፣ አላህ ይጠብቀን፣ «በረመዳን ጠጥቶ!» ብለን ስሙን እናጠፋለን። ሰውዬው ግን የሚያስፈልገው ጥቂት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብቻ ሊሆን ይችላል። ወንድማችን ሞት አፋፍ ላይ ቆሞ ሳለ እኛ ለሐሜት ርዕስ እናደርገዋለን።

ነገሩ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚነካ አይምሰለን። እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች ከ12 ሺህ በላይ በሆኑ ሙስሊም የስኳር ሕሙማን ላይ ኤፒዲያር የተባለ ጥናት ተካሂዶ ነበር። በዚህ ጥናት መሠረት፣ ሐኪም ቤት እስከመተኛት የሚያደርስ የስኳር መውረድ በረመዳን ወር፣ የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ በ4.7 እጥፍ፣ ሁለተኛው ዓይነት ባለባቸው ላይ ደግሞ በ7.5 እጥፍ ጨምሮ ተገኝቷል። ከሁለተኛው ዓይነት ሕሙማን መካከል ከአምስቱ አራት ያህሉ በጾሙ ላይ የነበሩ ናቸው። ሕዝባችን ጾሙን ምን ያህል እንደሚወድ ከዚህ ይታያል፤ ፍቅሩ መልካም ነው፤ ዕውቀት ግን ያስፈልገዋል።

ሸሪዓችን ምን ይላል?

አላህ (ሱ.ወ.) ጾምን ግዴታ ባደረገበት በሱረቱል በቀራህ ከ183 እስከ 185 ባሉት አንቀጾች ውስጥ፣ ግዴታውን ከደነገገ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በሽተኛንና መንገደኛን በሌሎች ቀናት እንዲጾሙ አግርቷል። ለእኛ ቀላሉን እንጂ አስቸጋሪውን እንደማይሻም በዚያው ስፍራ ነግሮናል። ልብ በሉ! ይህ ፈቃድ ዑለማዎች ከጊዜ በኋላ ያመጡት አይደለም። ጾሙን ያዘዘው ጌታ ራሱ፣ በዚያው ቦታ የሰጠው ነው። እንግዲያውስ ግማሹን ተቀብሎ ግማሹን የሚያፍርበት ሰው ምን ይባላል? በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 29 ራሳችንን እንዳንገድል፣ በበቀራህ አንቀጽ 195 ደግሞ በገዛ እጃችን ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ከልክሎናል።

ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት ደግሞ ለጉዳያችን እጅግ የሚቀርበውን ልጥቀስ። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በረመዳን ወር፣ መካን ለመክፈት ከሶሃቦቻቸው ጋር ሲጓዙ ኩራዕ አል-ገሚም ከተባለ ስፍራ ደረሱ። ጾሙ በሰዉ ላይ እንደጠናበትና ሰውም የእርሳቸውን አድራጎት እንደሚጠባበቅ ተነገራቸው። ከዐስር በኋላ የውሃ ዕቃ አስመጡ፤ ሰው ሁሉ እንዲያያቸውም ከፍ አድርገው ጠጡ። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ሰዎች በጾማቸው እንደቀጠሉ በተነገራቸው ጊዜ፣ እነዚያን ሰዎች ትእዛዝ የጣሱ አመጸኞች ሲሉ ጠሯቸው። ይህን ጃቢር (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና ሙስሊም የዘገቡት ነው።

ሰዓቱን ተመልከቱ፤ ከዐስር በኋላ ነው። ሁኔታውን ተመልከቱ፤ በአደባባይ ነው። ከፍጡራን ሁሉ በላጩና ለአላህ ከሁሉም በላይ ፈሪ የሆኑት ነቢይ፣ ለመግሪብ ጥቂት ሰዓት ሲቀር፣ ሰው እያያቸው ጠጡ። ሽበታቸውን አላፈሩበትም። እንዲያውም ዕቃውን ከፍ ያደረጉት የሚያፍር ሁሉ እንዳያፍር ነው። የሰፈራችን አባት በዚያው ሰዓት እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰድደው በመለሱ ጊዜ፣ የመለሷት ከረሜላን ብቻ ሳይሆን ይህችን ሱና ጭምር ነው።

«ያ እኮ ለመንገደኛ ነው» የሚል ቢኖር፣ ቁርኣን በሽተኛንና መንገደኛን በአንድ ላይ እንደጠቀሳቸው እናስታውሰው። በሽተኛው እንዲያውም አስቀድሞ ነው የተጠቀሰው።

ሁለተኛው ታሪክ ከመጀመሪያው የበለጠ ሊያስፈራን የሚገባ ነው። ከሶሃቦች አንዱ በጉዞ ላይ ሳለ ራሱን በድንጋይ ተፈነከተ። ሌሊት ጀናባ ሆኖ አደረና በተየሙም መስገድ ይፈቀድልኝ እንደሆነ ብሎ ጓደኞቹን ጠየቀ። እነርሱም ውሃ እያለህ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተም። ወሬው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በደረሰ ጊዜ የሞቱን ጥፋት በመካሪዎቹ ላይ አደረጉ፤ በእነርሱም ላይ በብርቱ ቃል ተናገሩ፤ ላለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም አስተማሩ። ይህን አቡ ዳውድ ዘግበውታል። እነዚያ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ለዲን የተቆረቆሩ መስሏቸው ያለ ዕውቀት «አይፈቀድም» አሉ እንጂ። ዛሬስ ስንቶቻችን ነን እናታችንን፣ አባታችንን፣ ጎረቤታችንን «ትንሽ ነው የቀረው፤ ታገሥ፤ አጅሩ ይበልጣል» እያልን የምንመክር?

በአንጻሩ ደግሞ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ፣ በብርቱ ብርድ ሌሊት፣ ብታጠብ እሞታለሁ ብለው ስለፈሩ በተየሙም አሰግደው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲጠይቋቸው ያንኑ ራሳችሁን አትግደሉ የሚለውን የቁርኣን ትእዛዝ ማስረጃ አድርገው አቀረቡ። ነቢዩም ፈገግ አሉ እንጂ አልወቀሷቸውም። በአንደኛው ታሪክ ቁጣ አለ፤ በሁለተኛው ፈገግታ አለ። እኛ የትኛውን እንደምንመርጥ እናስብ።

ከዚህም በመነሣት ዑለማዎች፣ ጾሙ እንደሚጎዳው በራሱ ልምድ ወይም በታማኝና በባለሙያ ሐኪም ቃል ያወቀ ሰው ጾሙን መተው እንደሚፈቀድለት፣ ለሕይወቱ የሚያሰጋው ከሆነ ደግሞ መጾሙ ራሱ ክልክል እንደሚሆንበት አስረድተዋል። በመሐል ስኳሩ ወርዶበት ያፈጠረ ሰው ከፋራ የለበትም፤ ያለበት የአንድ ቀን ቀዷ ብቻ ነው። ሕመሙ የማይድንና መጾምን ፈጽሞ የማያስችለው የሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን በማብላት ፊድያውን ይከፍላል። እዳው ይህ ነው። ከዚህ በላይ እፍረት የሚባል እዳ ሸሪዓው አልጫነበትም።

ስኳር ሲወርድ ምን ይደረግ?

በቅድሚያ የሚነሳው ጥያቄ «ጣቴን ወግቼ ብለካ ጾሜ ይበላሻል?» የሚለው ነው። በሻፊዒይ፣ በሐነፊይና በማሊኪይ መዝሀቦች ዋግምት እንኳ ጾምን አያፈርስም፤ እንግዲያውስ የጣት ጫፍ ላይ የምትወጣ አንዲት ጠብታ ደም ምን ታደርጋለች? ምግብነት የሌለው መርፌ፣ ኢንሱሊንም ጭምር፣ ጾም እንደማያፈርስ ደግሞ ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 በጅዳ ባደረገው ስብሰባ ከወሰነው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መለኪያ ያላችሁ ሁሉ ሳትፈሩ ለኩ። ከሱሁር በፊት፣ ረፋድ ላይ፣ ቀትር ላይ፣ ከዐስር በኋላ፣ ከኢፍጣር በፊትና ካፈጠሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ መለካት መልካም ነው። ሕመም በተሰማችሁ ሰዓት ግን ወዲያውኑ ለኩ።

ልኬቱ ከ70 በታች ከሆነ ጾሙ በዚያችው ደቂቃ ይፈታል። ለመግሪብ ሁለት ሰዓት ቢቀርም ይፈታል፤ አሥር ደቂቃ ብቻ ቢቀርም ይፈታል። ሙዐዚኑ ማይክሮፎኑን ሲነካ ቢሰማም ይፈታል። ስኳሩ ከ300 በላይ ከወጣም እንዲሁ ይፈታና ወደ ሐኪም ይኬዳል። መለኪያ የሌለው ሰው ምልክቱን ካየ እንደወረደ ቆጥሮ ያፍጥር። በብዙ ቤት መለኪያው ቢኖር የመለኪያው ወረቀት እንደሚያልቅ እናውቃለን። በጥርጣሬ ስኳር መቅመስ የሚያመጣው ጉዳት በጥርጣሬ ከመቆየት ጋር አይወዳደርም።

አወሳሰዱም ልክ አለው። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ስኳር ያለው ለስላሳ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይም እንደ ትልቅነቱ ከ2 እስከ 3 ፍሬ ቴምር በደንብ አኝኮ መዋጥ። እነዚህ እያንዳንዳቸው ወደ 15 ግራም የሚጠጋ ስኳር ይሰጣሉ። ከዚያ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት፤ ካልተነሳ ያንኑ መድገም። የአባታችን አንዲት ከረሜላ ቢበሏት ኖሮ ጊዜ ትገዛላቸው ነበር፤ ብቻዋን ግን አትበቃም። ከሦስት እስከ አምስት ያህል መያዝ ይሻላል። ቸኮሌትና ሳምቡሳ ስብ ስላለባቸው ስኳሩን ቶሎ አያደርሱትም። እንጀራና ዳቦም ለመጀመሪያው ደቂቃ አይሆኑም፤ ስኳሩ ከተነሳ በኋላ ግን ተመልሶ እንዳይወርድ የግድ መበላት አለባቸው። ጥቂት ስኳር ቀምሶ «ተሽሎኛል» ብሎ ባዶ ሆድን እስከ መግሪብ መቀጠል ራስን ማታለል ነው።

ሰውዬው ራሱን ከሳተ ወይም መዋጥ ካቃተው በአፉ ምንም አይጨመርበት፤ ዘምዘምም ቢሆን፣ ማርም ቢሆን። ወደ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋልና። በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። እዚያ ግሉኮስ በደም ሥሩ ይሰጡታል። ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው፣ በተለይም በዕድሜ የገፋ ወይም ኩላሊቱ የታመመ ከሆነ፣ ስኳሩ ተነስቶ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድበት ስለሚችል ነቅቷል ተብሎ ብቻውን አይተው። ዱዓውንና ሩቅያውን ማንም አይከለክልም፤ እየቀራችሁ አንሱት፣ እየቀራችሁ አድርሱት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግን እንድንታከም አዘዋል፤ ቲላዋ የሕክምና ምትክ እንዲሆን አላስተማሩንም።

መኪና የምትነዱ፣ በተለይም የታክሲና የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ ምልክቱ ሲሰማችሁ መጀመሪያ መኪናውን አቁሙ። በእጃችሁ ያለው የራሳችሁ ነፍስ ብቻ አይደለም። በተራዊሕ መካከል ቢወርድባችሁም ሶላቱን አቋርጡ። በሶላት ውስጥ እባብና ጊንጥ እንዲገደል የፈቀደ ሸሪዓ፣ የሚሰምጥን ሰው ለማዳን ሶላት እንዲቋረጥ የሚያዝ ፊቅህ፣ ለእናንተ ነፍስ አይጠብም። ተራዊሕ ራሱ ለሰውነት እንቅስቃሴ በመሆኑ ስኳር ሊያወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ከረሜላውን ይዛችሁ ግቡ።

ከረመዳን በፊት

ጥንቃቄው የሚጀምረው የረመዳን ጨረቃ ስትታይ አይደለም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድሞ፣ ማለትም ከረጀብ መጀመሪያ አንስቶ፣ ሐኪምን ማማከር ይገባል። መድኃኒቱ መቀየር፣ መቀነስ ወይም ሰዓቱ መዛወር ሊኖርበት ይችላልና። ይህን በራስ ግምት ማድረግ በሁለቱም በኩል አደጋ ነው። አንዱ የተለመደውን መጠን እየወሰደ ይጾምና ስኳሩ ይወድቃል። ሌላው ደግሞ «እየጾምኩ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ኢንሱሊኑን ጨርሶ ይተወዋል፤ እርሱም ስኳሩ ወጥቶ ደሙ በአሲድ ይመረዛል።

በቅርብ ወራት ስኳሩ በብርቱ ወርዶበት ራሱን የሳተ፣ ሲወርድበት ምልክቱ የማይሰማው፣ የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ኖሮበት ያልተስተካከለለት፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ እንዲሁም ስኳር ያለባት ነፍሰ ጡር፣ እነዚህ ሁሉ ሐኪሞች አትጹሙ ከሚሏቸው ወገን ናቸው። በአንጻሩ በምግብ ጥንቃቄ ወይም በሜትፎርሚን ብቻ የሚቆጣጠሩ ብዙዎች ሐኪማቸውን አማክረው በሰላም ይጾማሉ። ስለዚህ «ስኳር አለብኝ» የሚለው ቃል ብቻ ያለ ምክር ለመብላት ምክንያት አይሆንም። ሩኽሳ የአላህ ስጦታ ነው፤ እምቢ ማለትም፣ ያለ ቦታው መጠቀምም አያምርበትም።

የጾሙ ርዝመትም ይታይ። በአገራችን ቀንና ሌሊት ብዙ ስለማይበላለጡ ጾሙ ከ13 እስከ 14 ሰዓት ገደማ ነው። በሰሜን አውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ረመዳን በበጋቸው ሲገባ ከዚህ እጅግ የረዘመ ቀን ይጾማሉ። በአዲስ አበባ የጾመ የስኳር ሕመምተኛ እዚያም እንደዚሁ እችላለሁ አይበል። ሱሁርን ማዘግየትና ኢፍጣርን ማቻኮል የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሱና ነው፤ ለስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ሱናም መድኃኒትም ነው። ሱሁር ሳይበላ ተኝቶ ያደረ ሕመምተኛ የዚያን ዕለት ጾም ባይደፍር ይሻለዋል።

የእኛ ኃላፊነት

እስካሁን ለሕመምተኛው ተናገርኩ። አሁን ለጤነኞቻችን ልናገር፤ የአባታችን ከረሜላ ኪስ ውስጥ የቀረችው በእኛ ምክንያት ነውና።

በረመዳን ሲበላ ያየነውን ሙስሊም ሁሉ ለመጠየቅ አንቸኩል። ስኳር በግንባር ላይ አይጻፍም። ሲበላ ያየነው ሰው ወጣት ሊሆን ይችላል፤ ጠንካራ መስሎ ሊታይ ይችላል። በወንድማችን ላይ ያለን ግምት መልካም እንዲሆን ታዘናል። ምናልባት ያ የምናማው ሰው በዚያች ሰዓት የአላህን ትእዛዝ እየፈጸመ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን በጾማችን ላይ የሰው ሥጋ እየበላን ነው።

ቤተሰብ ሆይ፣ የቤታችሁን ሕመምተኛ ለብቻው ተደብቆ እንዲበላ አታድርጉት። እናት በጓዳ ተሸሽጋ፣ ልጆቿ እንዳያዩዋት በችኮላ ስትጎርስ ማየት ያሳፍራል፤ የሚያሳፍረው ግን እኛን ነው። ልጆች ስኳር መውረድ ምን እንደሚመስልና የስኳሩ ዕቃ የት እንዳለ ይወቁ። ሕመምተኛውም ሕመሙን አይደብቅ፤ ካርዱን ኪሱ ውስጥ ይያዝ፣ መስጊድ አጠገቡ ለሚሰግደው ሰው ይንገር። በዚያን ዕለት በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የአባታችንን ሕመም የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ አለመኖሩ ነበር አደጋው።

የመስጊድ ኢማሞቻችንንና ኡስታዞቻችንን በአክብሮት የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። በሻዕባን የመጨረሻው ጁምዓ፣ ስለ ጾም ትሩፋት በምታስተምሩበት ኹጥባ ውስጥ፣ ስለ በሽተኛው ሩኽሳም ጥቂት ደቂቃ ስጡን። ሕዝባችን ከሐኪሙ ይልቅ ከሚንበሩ የሰማውን ያምናል። ሐኪሙ «አትጹም» ያለውን ሰው፣ ኢማሙ «አላህም እንዲሁ ብሎሃል» ቢለው ልቡ ያርፋል። የመስጊድ ኮሚቴዎች ደግሞ በአንድ ጥግ አንድ ጣሳ ስኳርና የውሃ ብርጭቆ ቢያኖሩ ወጪው ምንድን ነው? አቅም ያላችሁ ነጋዴዎችም፣ ለኢፍጣር ከምታበሉት ቴምር ጋር ለድሃ የስኳር ሕመምተኛ የመለኪያ ወረቀት ብትሰድቁ የአንድን ነፍስ ማዳን አጅር ይኖርበታል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

በመጨረሻም ወደ ሰፈራችን አባት ልመለስ። ባለፈው ረመዳን ሐኪማቸው እንዳይጾሙ ከለከላቸው፤ እርሳቸውም ተቀበሉ። ፊድያቸውን በየቀኑ ለአንዲት ባሏ ለሞተባት ጎረቤታቸው ያደርሳሉ። ከዐስር በኋላ እንደ ወትሯቸው መስጊድ ይቀመጣሉ፤ ቁርኣናቸውን ይቀራሉ። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፤ ከረሜላ አወጡ፤ ቢስሚላህ ብለው አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። አንድ ልጅ ትክ ብሎ አያቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «ልጄ፣ አላህ ፈቅዶልኝ ነው» አሉት። ልጁም ራሱን ነቅንቆ ወደ ጨዋታው ሄደ።

ያ ልጅ የተረዳውን እኛም እንረዳ። አላህ (ሱ.ወ.) በሽተኞቻችንን ይፈውስ፤ ጾማችንን ይቀበለን፤ በወንድሞቻችን ላይ በር ከሚዘጉ ሳይሆን ከሚከፍቱ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ።